ኮሌጆቹ ወዴት አደጉ? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

በአዳማ የመንግሥት ሥራ ሰዓት ሲያበቃ ሌላ ቀን ይጀመራል። ከባንክ፣ ከሆቴል፣ ከጋራዥና ከሱቅ የወጡ ወጣቶችና ጎልማሶች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማታ ትምህርት ያመራሉ። ቅዳሜና እሁድም ኮሌጆቹ አይዘጉም፤ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲና ከአዋሽ መልካሳ በሚኒባስ የሚመጡ ተማሪዎች ክፍሎቹን ይሞላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ኮሌጅ ማለት ከቤተሰብ ርቀው፣ ዶርም ገብተው፣ ሌላውን ሁሉ አቁመው የሚቆዩበት ቦታ አይደለም። ከኑሯቸው ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ገቢያቸው በፈቀደ መጠን የሚከፍሉበት፣ ሥራ ለማግኘት ወይም ከያዙት ሥራ ከፍ ለማለት የሚመኩበት የከተማቸው ተቋም ነው።

እንዲህ ያለውን ተቋም አሜሪካኖች የማኅበረሰብ ኮሌጅ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት ከተከፈተው የጆሊየት ኮሌጅ ጀምሮ ሐሳቡ ብዙም አልተለወጠም፦ መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለት ዓመት የተማረ ወይ ሥራ ይይዛል፣ ወይ የተማረውን አስቆጥሮ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይገባል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ አሳምረው ያውቁታል። የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቀን ታክሲ እየነዱ ወይም የመኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ማታ ነርስነትና ሒሳብ አያያዝ የተማሩ ብዙ የሀገር ልጆችን አሳልፈዋል።

በኢትዮጵያ ይህን ስም የያዘና ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚሠራ ተቋም የለም። ሥራው ግን አለ፤ ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው። የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ፖሊ ቴክኒኮች አንዱን ክፍል ይዘዋል፤ የግል ኮሌጆች ሌላውን፤ የግብርና ኮሌጆችና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ደግሞ የራሳቸውን። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አድርጎ ሻሸመኔ የሚደርሰው የስምጥ ሸለቆ መስመር ሁሉንም ዓይነት በአንድ ጉዞ ያሳያል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እነዚህ ተቋማት ማደጋቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው ወዴት እንዳደጉ ነው። የአካባቢው ታሪክ ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፦ ለከተማው ሰው ተብሎ የተከፈተ ኮሌጅ ሲሳካለት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም መጀመሪያ የተከፈተለትን ተማሪ ከኋላው ይተወዋል።

የሙያ ትምህርት በአዳማ ከኮሌጆቹ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የነበረን የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ወደ ሆስፒታልነት ለወጡት፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስምም ተሰየመ። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ሆስፒታሉ ያለ ረዳት መንቀሳቀስ ስለማይችል ድሬሰሮችን ራሱ ማሠልጠን ያዘ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት መለየት የተማሩት ወጣቶች ከሆስፒታሉ ወጥተው በየገጠሩ ክሊኒክ የሕክምና የመጀመሪያ ፊት ሆኑ። ትምህርቱ ከሥራው ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ ጠዋት የተማሩትን ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ላይ ይሠሩበታል። ያ ሆስፒታል ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ሐኪሞችን ያስተምራል።

ወንጂም እንዲሁ ናት። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር የሚፈልገውን መካኒክ፣ በያጅና የቦይለር ሠራተኛ ከገበያ አያገኝም ነበርና ሰዉን ራሱ በፋብሪካው ውስጥ አሠለጠነው። የባቡር ሐዲዱ፣ የቆቃ ግድብ፣ በኋላም የናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ የዚህ አካባቢ ሰው ብረትና ሞተር የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዳማ በባለሙያ የታወቀች ከተማ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው።

መደበኛው ኮሌጅ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በሚል ስም ተቋቁሞ በቴክኖሎጂ ዘርፎች በዲፕሎማና በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ቆየት ብሎ የናዝሬት የቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሆነ፤ ዓላማውም በመላ ሀገሪቱ እየተከፈቱ ለነበሩት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አስተማሪ ማፍራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የንግድ ሥራ ትምህርት ሲጨመርበትም ዓላማው ያው ነበር፦ ሒሳብ አያያዝን ወይም ጽሕፈትን በሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ማዘጋጀት። ይህ ጊዜ በተቋሙ ታሪክ ውስጥ ብዙም አይነሣም፤ ሊነሣ ግን ይገባዋል። አንድ የመንግሥት ኮሌጅ የበታቹን የትምህርት እርከን ለመደገፍ ሲባል ብቻ የኖረበት ጊዜ በሀገራችን ብርቅ ነውና።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ኮሌጁ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የትምህርት ዘርፎቹም በረከቱ። ከጀርመን መንግሥት ጋር በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ መርሐ ግብር ዘመን ጀርመናዊ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ ደግሞ ደቡብ ኮሪያዊ ፕሬዚዳንት መራው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብሎ ሰየመው። አሰላ የነበረው ካምፓሱ ከጊዜ በኋላ ተለይቶ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመግባት የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ከአዲስ አበባው አቻው ጋር የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተናም ማለፍ ያስፈልጋል። ከየክልሉ በውጤታቸው የተመረጡ ወጣቶች ይገቡበታል። የቴክኒክ መምህራንን የማሠልጠኑ ሥራ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ወደተቋቋመው ፌዴራል ተቋም ሄደ።

ሀገሪቱ መሐንዲስና ተመራማሪ ያስፈልጓታል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ሆኖም የአዳማ ጋራዥ ሠራተኛ በመምህራን ኮሌጁ ዘመን በዚያ ግቢ በር ሲያልፍ ተቋሙ ለእሱና ለልጁ ሙያ የሚያስተምረውን ሰው ያፈራ ነበር። ዛሬ በዚያው በር ሲያልፍ ግቢው በአብዛኛው የሌላ ከተማ ልጅ ቤት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ለከተማው ሰው የቀረው የክልሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ስሙ በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር እየተሸፈነ፣ ከባዱን ሥራ ይሠራል።

ተመሳሳይ ታሪክ ሻሸመኔ ዳር ላይም አለ። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ ሲቋቋም በዲፕሎማ ደረጃ የደን ቴክኒሻን የሚያወጣ ተቋም ነበር። ተመራቂዎቹ ችግኝ ጣቢያ የሚያቋቁሙ፣ ደን የሚለኩ፣ ከገበሬ ጋር ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ኋላ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ ትምህርቱም ወደ ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍ አለ። የኮሌጁ ክብር ጨመረ፤ ለችግኝ ጣቢያው የሚሆነው ቴክኒሻን ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

የግሉ ዘርፍ ወደ መድረኩ የወጣው በ1993 ዓ.ም. ነው። አቶ ድንቁ ደያስ በአዳማ የመሠረቱት ሪፍት ቫሊ ኮሌጅ ጊዜውን የመረጠ ይመስላል። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የተዛወረው በእነዚያው ዓመታት ነበር። ቢሮዎች ሲመጡ ሠራተኛም መጣ፤ ሠራተኛው ደግሞ ለደረጃ ዕድገት ዲፕሎማና ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቀን ሥራ ላይ ስለሆነ የሚማረው ማታ ነው። መቀመጫው በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ኮሌጁ አልተመለሰም፤ ይልቁንም ተስፋፋ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በብዙ ከተሞች ካምፓስ ከፈተ። በአዳማ የተጀመረ የማታ ትምህርት ሀገር አቀፍ ተቋም መሆኑ ለከተማዋ ኩራት ነው፤ በሪፍት ቫሊ ዱካም ሌሎች ብዙ የግል ኮሌጆች በከተማዋ ተከፍተዋል።

የግል ኮሌጆቹ የሠሩት ትልቅ ሥራ በሩን መክፈታቸው ነው። መንግሥት በነጥብ ያልተቀበለውን፣ ትዳር የያዘችውን፣ አርባ ዓመት ያለፈውን፣ ቀን ሥራ መተው የማይችለውን ተቀብለዋል። ማን ገባ ተብሎ ቢጠየቅ ከየትኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይልቅ የማኅበረሰብ ኮሌጅን ተማሪ የሚመስለውን ሰው ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ምን ተማረ ሲባል ግን መልሱ ይጠባል። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኮምፒውተር፣ ነርስነት፣ ፋርማሲ፤ በየከተማው የሚደጋገሙት እነዚሁ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አካውንቲንግ ለማስተማር አዳራሽ፣ ሰሌዳና መምህር ይበቃል፤ ብየዳ ለማስተማር ማሽን፣ ብረትና ኤሌክትሪክ በየቀኑ ይበላል። በተማሪ ክፍያ ብቻ የሚኖር ኮሌጅ ርካሹን ትምህርት ቢያበዛ አይገርምም።

ጥራቱም ተፈትኗል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን፣ በግል ተቋማት የሚሰጥ የሕግና የመምህርነት ትምህርትን ሲያግድ ብዙ ተማሪና ብዙ ኮሌጅ ተደናግጦ ነበር፤ እገዳው በኋላ ላላ። የበለጠው ፈተና የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ተቀምጠው 61,054 አለፉ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት 62 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ግን 17 በመቶ ብቻ ናቸው። አኃዙ የመላ ሀገሪቱ እንጂ የአዳማ ብቻ አይደለም። ሲነበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በነጥብ ተመርጦ ቀኑን ሙሉ የሚማር ወጣትና ከሥራ ደክሞ የሚመጣ የሁለት ልጆች አባት በአንድ ሚዛን ተቀምጠዋልና። ቢሆንም ሦስትና አራት ዓመት ክፍያ ተቀብሎ ከመቶ ሰማንያ ሦስቱን ፈተናውን ለማለፍ ያላበቃ ዘርፍ፣ በዚህ ብቻ ነፃ አይወጣም። የተጎዳው ደግሞ ኮሌጁ ሳይሆን ከደመወዙ ቆንጥሮ የከፈለው ሰው ነው።

ወደ መንግሥቱ የሙያ ሥልጠና ሲመጣ ሥርዓቱ ራሱ ደጋግሞ ተገለባብጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን መለያያ አድርጎ ነበር። ውጤት ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ሙያ። “ቴን ፕላስ ዋን”፣ “ቴን ፕላስ ቱ” የሚሉት ስሞች ሲጠሩ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የወላጅ ፊት የሚጠቁረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሙያ የተረፈ ሰው የሚላክበት ተደርጎ ተሳለ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ብሔራዊ ስትራቴጂው መንገዱን ቀየረው። ሥልጠናው በየሙያው ደረጃ ተመደበ፣ ከደረጃ 1 እስከ 5። ሠልጣኙ ኮሌጁ የሰጠው ወረቀት ብቻ አይበቃውም፤ ከኮሌጁ ውጭ ባለ የብቃት ማረጋገጫ ማዕከል መመዘን አለበት። ሲኦሲ የሚለው ቃል በዚህ ሰበብ የወጣቱ ሁሉ የዕለት ቋንቋ ሆነ። የሥልጠናው ትልቁ ክፍል በድርጅት ውስጥ በተግባር እንዲሆን የሚያዘው የትብብር ሥልጠናም የዚሁ ለውጥ አካል ነው። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ደግሞ የሙያ ሥልጠናው ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ወደዚያ ተሻገረ።

የትብብር ሥልጠናው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ከኤች.ቪ.ኤ. ወንጂና ከድሬሰሮቹ ዘመን ጋርም ይመሳሰላል። የሚያስቸግረው ድርጅቱ ነው። ፋብሪካው ሠልጣኝ ሲላክለት ማሽኑን አምኖ አይሰጠውም፤ ጋራዡ ጎማ ያስፈታዋል፤ ቢሮው ሻይ ያስቀዳታል። ሠልጣኙን በሚገባ የሚያሠሩ ባለሙያዎች የሉም ማለት አይደለም፤ አሉ፤ ሥርዓቱ ግን በእነሱ በጎ ፈቃድ ላይ ቆሟል። ለፋብሪካው ሠልጣኝ መቀበል የሚያስገኝለት ጥቅም፣ አለመቀበሉም የሚያስከትልበት ዋጋ እስካልኖረ ድረስ የትብብር ሥልጠና የኮሌጁ ልመና ሆኖ ይቀጥላል።

ለትብብር ሥልጠና ግን ከአዳማ መስመር የተሻለ አካባቢ በኢትዮጵያ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። የጅቡቲው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ሞጆ የሀገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ አላት፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ፈጣን መንገድም የሚነሣው ከእሷ ነው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቿ ከሩቅ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ከባድ መኪና የሚጠግን፣ የዕቃ መዝገብ የሚይዝ፣ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ የነፋስ ተርባይን ላይ ወጥቶ የሚሠራ፣ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የሚያስተካክል ሰው ሁሉ እዚሁ ይፈለጋል። ኮሌጆቹ ልብስ ስፌትን በፍጥነት ለፓርኩ አቅርበዋል፤ ይህ ጥሩ ምላሽ ነበር። ይሁንና አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏን ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ስታነሣ ለአንድ ገበያ ብቻ የታሰበ ሥልጠና ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታይቷል። ስፌት የተማረችው ልጅ የመኪና ወንበር ልብስ፣ ድንኳን ወይም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መሥራትም ብትማር ኖሮ በፓርኩ በር ላይ ብቻ ባልቆመች ነበር።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ሥልጠናው መልኩን ይለውጣል። ባቱ፣ ብዙዎች አሁንም ዝዋይ የሚሏት፣ በሐይቁ ዳር በተዘረጉት የአበባ እርሻዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይኖሩባታል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እርሻዎቹ የመቁረጥንና የማሸግን ሥራ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም የጠብታ መስኖን፣ የማዳበሪያ ልኬትን፣ የቀዝቃዛ ክፍል ጥገናን የሚያውቅ የሀገር ልጅ ግን እንደልብ አይገኝም። የዶን ቦስኮ ሚሲዮን በከተማዋ የሙያ ትምህርት ቤት አለው።

ከቡልቡላ ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ አላጌ ይገኛል። በአቢጃታና በሻላ ሐይቆች አጠገብ ያለው ይህ ሰፊ ግቢ በደርግ ዘመን የሕፃናት አምባ ነበር፤ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ልጆች ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስበው ያደጉበት። በኋላ የአላጌ ግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆነ። በ1990ዎቹ መንግሥት በመላ ሀገሪቱ 25 የግብርና ኮሌጆችን አቋቁሞ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ፣ እንዲመደቡ ሲወስን አላጌ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። በኢትዮጵያ የሙያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ለአንድ ለታወቀ የሥራ ቦታ እንዲህ በብዛት ያሠለጠነ ሌላ መርሐ ግብር ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ በኢትዮጵያ ገጠር ሲዞሩ ጎማ ጫማ አድርጎ ከገበሬው ጋር ማሳ ውስጥ የሚታየው ወጣት ባለሙያ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ተመራቂው ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀጥረው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጉድለቱ ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ነበር፦ ብዙዎቹ ዲግሪ ለመያዝ ሲሉ ገጠሩን ለቀው ወደ ከተማ ማታ ትምህርት ሄዱ፤ ዕድገት የሚገኘው በወረቀት እንጂ በማሳ ላይ በተሠራ ሥራ አልነበረምና።

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ፣ ከባሌ፣ ከሐዋሳና ከወላይታ የሚመጡ መንገዶች ይገጥሙባታል። ጋራዥና ንግድ ያቆማት ከተማ ስለሆነች የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጇ ሠልጣኝ መኪና ለመማር ሩቅ አይሄድም። አጠገቧ ኩየራ ላይ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአድቬንቲስቶች ተቋም ከትምህርቱ ጋር እርሻና የእጅ ሥራን አጣምሮ በማስተማሩ ይታወቃል።

በነዚህ ኮሌጆች ወንበር ላይ የተቀመጠው ማነው? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አዳማ 220,212 ነዋሪ ነበራት። ከመቶ 39ኙ ኦሮሞ፣ 34ቱ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚሉት አማራ፣ 12ቱ ጉራጌ፣ 5ቱ ስልጤ ነበሩ። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍታለች፤ ስብጥሯ ግን አሁንም የኮሌጅ ክፍልን ይመስላል። በአንድ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል ውስጥ ከቦሰት ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ የመርካቶ ነጋዴ ዘመድ ያለው የከተማ ልጅና ከጅግጅጋ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ወጣት ሊቀመጡ ይችላሉ። በ2010 ዓ.ም. ዙሪያ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በአዳማ፣ በቢሾፍቱና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሲሰፍሩ ልጆቻቸው ወደ ሙያ ሥልጠና መግባታቸው ኑሮን ከባዶ ለመጀመር የነበራቸው የቅርብ መንገድ ነበር። ኮሌጁ ለእንዲህ ያለ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እጁን ወደ ገቢ ይለውጥለታል። ይህን የሚያክል ጥቅም የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊሰጠው አይችልም።

ቋንቋ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰወረ እንቅፋት ነው። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ መምህሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያብራራል፤ ሠልጣኙ ሥራ ቦታ ሲሄድ ደግሞ መሣሪያውን የሚጠራው ከጣሊያንኛና ከእንግሊዝኛ በተወረሰ የጋራዥ ቋንቋ ነው። ጎበዝ አሠልጣኞች ሦስቱንም እያገናኙ ያስተምራሉ፤ ይህ ችሎታቸው ግን በየትኛውም የአሠልጣኝ መመዘኛ ላይ አይቆጠርም። በሁለቱ የአካባቢው ቋንቋዎች በሚገባ የተዘጋጀ፣ ሥዕልና የቦታው ምሳሌ ያለው የሙያ መጽሐፍ ከየትኛውም አዲስ ሕንፃ የበለጠ ሠልጣኝን ይረዳል።

ሴቶቹስ? ብዙዎቹ ወደ ልብስ ስፌት፣ ወደ ምግብ ዝግጅት፣ ወደ ጽሕፈትና ወደ ኮምፒውተር ይመደባሉ ወይም ራሳቸው ይመርጣሉ። ሌላ ደግሞ ብዙ የማይወራለት ሥልጠና አለ። ከአርሲ፣ ከሻሸመኔና ከስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች በርካታ ሴቶች ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ሲያዝ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለጉዞ የሚያዘጋጅ አጭር ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። በቤት ዕቃ አጠቃቀም፣ በጽዳት፣ በሕፃናትና አረጋውያን እንክብካቤ ላይ ያተኩራል። ሥልጠናው አጭር መሆኑ ያሳስባል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የተመለሰችው ሴት ናት። ዓመታት አረጋዊ ስታስታምም፣ አረብኛ ስትናገር፣ ሰፊ ቤት ስታስተዳድር የቆየች ሴት ባለሙያ ሆና ተመልሳለች። ኮሌጆቹ ልምዷ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንድታገኝ ሊረዷት፣ በሆስፒታልና በሆቴል በር ሊያስገቧት ይችሉ ነበር። የብቃት ምዘና ሥርዓቱ በሥራ ላይ የተገኘ ችሎታን መመዘን ይፈቅዳልና ሕጉ አይከለክልም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ያልተጠበቀ ተማሪ መጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ ባለው 5.4 በመቶ። ከመቶ ዘጠና አራት ልጆች በላይ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የማይገቡበት ጊዜ ሆነ። ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚቀበሉት ኮሌጆች አሁን 12 ዓመት የተማረ፣ ዕድሜው የበሰለ፣ ተስፋው የቀዘቀዘ ወጣት ይቀበላሉ። ከዲግሪ በኋላ ሥራ አጥቶ ፀጉር ሥራ፣ ቪዲዮ ቅንብር ወይም የሶላር ገጠማ ለመማር የሚመጣም አለ። እነዚህን ወጣቶች የወደቁ ብሎ መቀበል ኃጢአት ነው። በሌሎች አገሮች ኮሌጆች ሁለተኛ ዕድል ብለው የሚያከብሩት ተማሪ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዕድል ግን ከፊቱ መንገድ ይፈልጋል። በአሜሪካው ኮሌጅና በእኛው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ክሬዲቱን አስቆጥሮ ይሻገራል። እዚህ ከደረጃ 4 ተነሥቶ ዲግሪ መማር የሚፈልግ ባለሙያ የሥራ ልምድ፣ የብቃት ማረጋገጫና የመግቢያ ፈተና የሚጠይቁ፣ በየጊዜው የሚለዋወጡ ደንቦች ይጠብቁታል፤ ገብቶም ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ከሀ ይጀምራል። ወላጅ ልጁን ወደ ሙያ መላክ የሚፈራው ሙያን ስለሚንቅ ብቻ አይደለም። በሩ ከኋላው የሚዘጋ ስለሚመስለው ነው። አዳማ ላይ ፖሊ ቴክኒኩና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው በአንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። የአንዱ ጎበዝ የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ በሌላው ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ስምምነት ከሁለቱ ተቋማት ስብሰባና ከሚኒስቴሮቹ ፈቃድ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲው ከቴክኒክ መምህራን ኮሌጅነቱ የተነሣ ለዚህ የሚሆን ታሪክም አለው።

ቀጣዩ ፈተና ቢሾፍቱ ላይ ነው። ከተማዋ የአየር ኃይል፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትና የተሽከርካሪ ፋብሪካ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአቅራቢያዋ አቡሴራ ላይ ያቀደው አየር ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኞችን የሚያስተናግድ ነው። ግንባታው ቆርቆሮ ገጣሚ፣ በያጅ፣ ቧንቧ ሠራተኛና ቀያሽ ይፈልጋል፤ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጭነት አስተናጋጅ፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያ፣ የሆቴል ሠራተኛና አስተርጓሚ። መሬታቸውን ለፕሮጀክቱ የሚለቁ ገበሬዎች ልጆች ከእነዚህ ሥራዎች የትኞቹን ይይዛሉ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲያርፍ አይደለም። ደረጃ 3 እና 4 ሥልጠና አንድና ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ መምህርና መሣሪያ ማዘጋጀት ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ የቢሾፍቱ፣ የሞጆና የአዳማ ኮሌጆች ከአየር መንገዱና ከተቋራጮቹ ጋር ተቀምጠው የትኛው ሙያ፣ ስንት ሰው፣ መቼ ብለው መነጋገር የሚገባቸው ጊዜ አሁን ነው፤ ምዝገባውም ማታና ቅዳሜ የሚማረውን ሰው ያካተተ መሆን አለበት።